ዋሽንግተንን ያቃጠላት ማን ነው? እንዴትስ እንዲህ በቀላሉ ተያዘች?

ጥያቄ፦ «የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ ነው። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ልጄ ከትምህርት ቤት መጥቶ እንግሊዞች ኋይት ሃውስን አቃጥለውት ነበር አለኝ። አላመንኩትም። ጎረቤታችን ደግሞ ያቃጠሉት ካናዳውያን ናቸው፣ ቤቱ ነጭ የተቀባውም ጥላሸቱን ለመሸፈን ነው አሉን። የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ ከተማዋን ያዳናት ድንገት የመጣ አውሎ ነፋስ ነው ትላለች። የቱ ነው እውነቱ? አሜሪካን የሚያህል አገር ዋና ከተማውን እንዴት ያስነጥቃል? ቅዳሜ ልጁን ይዤ ወጥቼ ላሳየው አስቤያለሁ፤ ከየት ልጀምር?»

መልስ፦ ልጅዎ ልክ ነው። ኦገስት 24 ቀን 1814 ማታ የእንግሊዝ ጦር ዋሽንግተን ገብቶ የኮንግረሱን ሕንፃ ካፒቶልን፣ የፕሬዚዳንቱን መኖሪያና የገንዘብ ሚኒስቴሩን ሕንፃ አቃጠለ። (ቀኖቹን በሙሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) ጎረቤትዎ በሁለቱም ነገር ተሳስተዋል። ጓደኛዎ ያለችው አውሎ ነፋስ በእርግጥ ነበረ፣ ግን ከተማዋን አላዳናትም። ሁሉንም በተራ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ግን «አሜሪካን የሚያህል አገር» የሚለውን እናስተካክል፤ ነገሩ የማይታመን የሚመስለው የዛሬዋን አሜሪካ እያሰብን ስለምናየው ነው። በ1814 አገሪቱ ነፃነቷን ካወጀች ገና 38 ዓመቷ ነበር። መንግሥት ወደ ዋሽንግተን የገባው በ1800 ነው፣ ስለዚህ ከተማዋ ዋና ከተማ ከሆነች 14 ዓመት ብቻ። በ1810 ቆጠራ ነዋሪዋ፣ በባርነት የተያዙትን ጨምሮ፣ ወደ 8,000 ገደማ ነው። ካፒቶል ዛሬ የምናውቀው ጉልላት አልነበረውም። ሁለት የድንጋይ ክንፎች ነበሩ፣ መሐላቸውን የሚያገናኛቸው የእንጨት መተላለፊያ። መንገዱ በበጋ አቧራ፣ በዝናብ ጭቃ። ብዙ የኮንግረስ አባላት ራሳቸው ከተማዋን አይወዷትም ነበር። ትልቅ መደበኛ ጦርም አገሪቱ አልነበራትም፤ የነበረውም ጦር አብዛኛው በስተሰሜን፣ በካናዳ ድንበር ነበር የተሰለፈው።

ጦርነቱን ያወጀችው ደግሞ አሜሪካ ራሷ ናት፣ ጁን 1812። ቅሬታዋ እውነተኛ ነበር። የእንግሊዝ የጦር መርከቦች የአሜሪካን የንግድ መርከቦች ባሕር ላይ እያስቆሙ መርከበኞችን በግድ ወስደው ለራሳቸው ባሕር ኃይል ያሰልፉ ነበር። ንግዷንም ከፈረንሳይ ጋር በገቡበት ጦርነት ምክንያት እያነቁት ነበር። በምዕራብ በኩል ደግሞ እንግሊዝ መሬታቸውን ለሚከላከሉት ነባር ሕዝቦች መሣሪያ ትሰጣለች የሚል ቁጣ አለ። ከዚህ ሁሉ ጋር ካናዳን መውሰድ ቀላል ነው ብለው የሚያስቡ ፖለቲከኞች ነበሩ። ቀላል አልሆነም።

አሁን ወደ ካናዳው ነገር። ዋሽንግተንን ያቃጠለው ጦር የካናዳ ጦር አልነበረም፣ ካናዳ የምትባል ነፃ አገርም ያኔ የለችም። በኤፕሪል 1814 ናፖሊዮን ሥልጣን ሲለቅ እንግሊዝ ለአውሮፓው ጦርነት ያሰማራቻቸው ወታደሮች እጃቸው ተፈታ። በስፔንና በፈረንሳይ ሲዋጉ የኖሩ፣ ጦርነት ሥራቸው የሆነ ክፍለ ጦሮች መርከብ ተሳፍረው በቤርሙዳ በኩል መጡ። አዛዣቸው ሜጀር ጄኔራል ሮበርት ሮስ ይባላል። የባሕሩን ዘመቻ የሚመራው ምክትል አድሚራል አሌክሳንደር ኮክራን ሲሆን፣ ከሮስ ጋር እግር በእግር ዋሽንግተን የገባው ሪር አድሚራል ጆርጅ ኮበርን ነው። ኮበርን ከ1813 ጀምሮ የቼሳፒክን የባሕር ዳርቻ ከተሞች ሲያቃጥልና ሲዘርፍ የከረመ ሰው ነው፤ ዋሽንግተንን እንምታ ብሎ የገፋፋውም እሱ ነው።

ታዲያ የካናዳው ወሬ ከየት መጣ? ከበቀሉ ነው። በኤፕሪል 1813 አሜሪካኖች የላይኛው ካናዳን ዋና ከተማ ዮርክን ያዙ፣ ዛሬ ቶሮንቶ የምንላትን። የምክር ቤቱ ሕንፃዎች ተቃጠሉ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ አሜሪካኖች ከናያግራ አጠገብ ኒውአርክ የምትባለውን መንደር፣ በከባድ ብርድ ሰዎቹን ከቤት አስወጥተው አቃጠሏት። በሜይ 1814 ደግሞ ፖርት ዶቨር ላይ ቤትና ወፍጮ አቃጠሉ። የካናዳው ገዥ ጄኔራል ፕሬቮ ይሄኔ ለኮክራን አጸፋ እንዲመልስለት ጻፈለት። ስለዚህ «የዮርክ በቀል ነው» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ከበቀሉ ሌላ የጦር ስሌት ነበረበት። ዋና ከተማውን ብትመታ አሜሪካኖች ከካናዳ ድንበር ጦር ይስባሉ፣ ሕዝቡም በመንግሥቱ ላይ ተስፋ ይቆርጣል ብለው አስበዋል። ልጅዎ ፈተና ላይ «ለዮርክ በቀል» ብሎ ቢጽፍ ስህተት አይደለም፣ ግን ይህንን ካልጨመረ መልሱ ጎዶሎ ነው።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ፣ እንዴት ተያዘች? እኔ ይህን ታሪክ ስማርም ሳስተምርም የኖርኩ ሰው ነኝና በግልጽ ልንገርዎት። ዋሽንግተንን የጣላት የሚሊሺያው ፍርሃት አይደለም። የጣላት፣ ከላይ ያሉት ሰዎች ጠላት ወደዚህ አይመጣም ብለው መወሰናቸው፣ ሲመጣም ማን እንደሚያዝ አለመታወቁ ነው። መማሪያ መጻሕፍት በሚሊሺያው ሽሽት ላይ ያተኩራሉ። ይህ ለነዚያ ገበሬዎችና ነጋዴዎች ፍትሐዊ አይደለም።

የጦር ሚኒስትሩ ጆን አርምስትሮንግ እንግሊዞች ዋሽንግተን ምን ያደርግላቸዋል፣ የሚሄዱት ባልቲሞር ነው ብሎ እስከ መጨረሻው ድርቅ አለ። ነገሩ ሞኝነት ብቻ አልነበረም፤ ባልቲሞር ሀብታም ወደብ ናት፣ ዋሽንግተን ያኔ ወታደራዊ ጥቅሟ ትንሽ ነው። የሳተው ጠላት ዋና ከተማን የሚመታው ለጥቅሙ ብቻ ሳይሆን ለስሙም መሆኑን ነው። ፕሬዚዳንት ማዲሰን ይሰጋ ስለነበር በጁላይ መጀመሪያ ላይ አካባቢውን የሚከላከል አዲስ ወታደራዊ ቀጣና አቋቋመ፣ በላዩም ዊሊያም ዊንደርን ሾመ። ዊንደር ጠበቃ ነበር። ጄኔራል ቢሆንም ከአንድ ዓመት በፊት ካናዳ ውስጥ በጦር ሜዳ ተማርኮ በልውውጥ የተለቀቀ ነው። የተመረጠበት ትልቁ ምክንያት አጎቱ የሜሪላንድ ገዥ መሆኑ ነው፣ ሚሊሺያ ለመሰብሰብ ይቀላል ተብሎ። አርምስትሮንግ ሌላ ሰው ስለፈለገ ዊንደርን አልረዳውም። ዊንደር በወረቀት ላይ ከ10,000 በላይ ሚሊሺያ አለህ ተብሏል፤ ግን ጠላት ሳይታይ እንዳትጠራቸው ተብሏል። ስለዚህ ሰውየው ሙሉውን ጁላይ በፈረስ አገሩን ሲዞር ከረመ። ከሜሪላንዷ ብላደንስበርግ ወደ ዋሽንግተን በሚያስገባው መንገድ ላይ አንድ ምሽግ እንኳ በጊዜ አልተሠራም።

እንግሊዞች ኦገስት 19 ቀን ሜሪላንድ ውስጥ ቤነዲክት ላይ፣ ከፓተክሰንት ወንዝ ዳር ወረዱ። ቁጥራቸው 4,500 ገደማ ነው። ፈረሰኛ የላቸውም፣ መድፋቸው ጥቂት። ሳምንታት መርከብ ላይ ታሽገው ስለመጡ እግራቸው ዝሏል፣ በዚያ በኦገስት ሙቀት ከድካም ብዛት መንገድ ላይ እየወደቁ የቀሩ አሉ። በጫካ በተሸፈነ መንገድ ነው የሚሄዱት። ጥቂት ዛፍ ቆርጦ መንገዱን መዝጋት፣ ከጎን ተኩሶ መሸሽ፣ ይኼን ያህል ብቻ ቢደረግ ምናልባት ሮስ ይመለስ ነበር። እሱ ራሱ ሁለት ጊዜ አመንትቷል። ማንም ዛፍ አልቆረጠም። አምስት ቀን ሙሉ ጠላት በአገሩ መሐል ሲጓዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጄምስ ሞንሮ ራሱ በፈረስ ወጥቶ ነበር የሚሰልለው። አንድ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የቃፊር ሥራ ሲሠራ ማየት ብቻውን መንግሥቱ ምን ያህል እንደተዝረከረከ ይናገራል።

እዚህ ላይ የቨርጂንያ ሰዎችን ታሪክ ልንገርዎት፣ ለልጅዎም ይንገሩት፤ ከሁሉ በላይ የማልረሳው እሱን ነው። ኮሎኔል ጆርጅ ማይነር ከፌርፋክስ በኩል ብዙ መቶ ሰው ይዞ ኦገስት 23 ምሽት ዋሽንግተን ደረሰ። አብዛኞቹ መሣሪያ የላቸውም። አርምስትሮንግ ዘንድ ሄዶ መሣሪያ ሲጠይቅ፣ መሽቷል፣ ነገ ጠዋት ና ተባለ። ጠዋት መሣሪያ እንዲሰጥ የታዘዘው ኮሎኔል ከቦታው የለም፣ ፍለጋ ሰዓታት ሄዱ። በመጨረሻ መሣሪያ ቤቱ ተከፈተ። የጠመንጃውን የእሳት ድንጋይ፣ ባልጩቱን፣ የማይነር መኮንኖች ቆጥረው ሊወስዱ ሲሉ የመጋዘኑ ወጣት ካልቆጠርኩት አልፈርምም ብሎ አንድ በአንድ እንደገና ቆጠረው። ሰዎቹ መሣሪያ ይዘው ሲወጡ ጦርነቱ አልቋል፣ የሸሸው ጦር ከፊታቸው እየመጣ ነበር። ይህን ማይነር ራሱ ኋላ ለኮንግረስ መርማሪዎች የሰጠው ቃል ነው። እነዚህ ሰዎች ፈሪ ነበሩ ይባላል?

ውጊያው ኦገስት 24 እኩለ ቀን ገደማ ብላደንስበርግ ላይ ተጀመረ። ከታች በኩል ያሉትን የአናኮስቲያ ወንዝ ድልድዮች አሜሪካኖች አፍርሰዋቸዋል። ብላደንስበርግ ላይ ግን ድልድዩ ሳይፈርስ ቀረ፤ ቢፈርስም ወንዙ እዚያ ጥልቀት የለውም፣ ከላይ በእግር ይሻገሩታል። የአሜሪካ ጦር 6,000 ገደማ ነው፣ ከእንግሊዝ ይበልጣል፣ ግን ብዙው በዚያው ጠዋት እየሮጠ የደረሰ ሚሊሺያ ነው። በሦስት መስመር ተሰለፈ። ችግሩ ሞንሮ ሥልጣን ሳይኖረው ሁለተኛውን መስመር ከመጀመሪያው አርቆ አንቀሳቀሰው። የፊተኛው መስመር ከኋላው የሚረዳው የለም፤ ሁለተኛው ደግሞ ጎኑ ተጋልጧል። ዊንደር ሲያየው ጠላት ከወንዙ ማዶ ነበር፣ የሚስተካከልበት ጊዜ አልነበረም። ማዲሰን ራሱ ሜዳው ላይ ነበር። ከባለሥልጣኖቹ ጋር በፈረስ ወደ ድልድዩ ሲያመራ አንድ ቃፊር እንግሊዞች ብላደንስበርግ ውስጥ ገብተዋል ብሎ ባይመልሰው ኖሮ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በጠላት እጅ ይወድቅ ነበር።

እንግሊዞች ድልድዩን ሲያቋርጡ የመጀመሪያው ተኩስ ክፉኛ መታቸው። ቀጥሎ ኮንግሪቭ የሚባለውን ሮኬት ለቀቁት። ሮኬቱ ኢላማ አይመታም፣ ግን እሳት እየተፋ እያፏጨ ሲመጣ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ የማያውቅ ሰው ይደነግጣል። መስመሩ ተናጋ። ዊንደር ገና የሚዋጉትን ሳይቀር አፈግፍጉ ብሎ አዘዘ፣ የት እንደሚሰባሰቡ ግን አልነገራቸውም። ያኔ ነው ማፈግፈጉ ሽሽት የሆነው።

ያልሸሸ አለ። ኮሞዶር ጆሹዋ ባርኒ ትንንሽ የጦር ጀልባዎቹ በጠላት እጅ እንዳይወድቁ ኦገስት 22 ራሱ እንዲቃጠሉ አድርጎ፣ 500 የሚያህሉ መርከበኞቹንና የባሕር ኃይል ወታደሮችን በእግር ይዞ መጥቷል። ድልድይ ጠብቅ ተብሎ ነበር፣ አምርሮ ተከራክሮ ነው ወደ ውጊያው የተለቀቀው። ከባድ መድፎቹን ዛሬ ፎርት ሊንከን መካነ መቃብር ባለበት ከፍታ ላይ አጠመደና እንግሊዞችን ደጋግሞ መለሳቸው። ጥይት አልቆ፣ ጎኖቹ ተከበው፣ እሱም ጭኑ ላይ ቆስሎ ነው የተያዘው። ሮስና ኮበርን በክብር ነው የያዙት፣ በቃሉ አስረው ለቀቁት። ከሰዎቹ መሐል ጥቁር መርከበኞች ነበሩ። አንዱ ቻርልስ ቦል ይባላል፤ ከባርነት አምልጦ እንደ ነፃ ሰው የተቀጠረ ነው። እንግሊዞች በዚያ ቀን 64 ሰው ሞተብን ብለው ሪፖርት አድርገዋል። ከአሜሪካኖቹ የሞተው ከዚያ ያንሳል። አሸናፊው ከተሸናፊው በላይ ሰው የሞተበት ውጊያ ነው።

ማታ ሮስና ኮበርን ከተማ ሲገቡ የሚያነጋግራቸው ባለሥልጣን የለም። ከካፒቶል አጠገብ ካለ ቤት ተተኩሶ የሮስ ፈረስ ሞተ፤ ቤቱ ወዲያው ተቃጠለ። ቀጥሎ ካፒቶል። የድንጋይ ሕንፃ በቀላሉ አይቃጠልም፣ ስለዚህ ወንበርና ጠረጴዛውን ከምረው የሮኬት ባሩድ አድርገው ለኮሱት። ወደ 3,000 የሚጠጋ መጽሐፍ የነበረው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አብሮ ነደደ። ከዚያ በፔንሲልቬንያ ጎዳና ወደ ፕሬዚዳንቱ ቤት ሄዱ። ለእራት የተዘጋጀ ማዕድ አገኙ፣ በሉ፣ ጠጡ፣ ከዚያ አቃጠሉት። የባሕር ኃይሉን የመርከብ ግቢ ግን ያቃጠሉት አሜሪካኖች ራሳቸው ናቸው፣ ለጠላት እንዳይተርፍ ብለው። ብዙ ሰው ይህንን ከእንግሊዝ ላይ ይደምረዋል፣ ስህተት ነው። የግል ቤቶችም በአብዛኛው አልተነኩም። በማግስቱ የፓተንት ቢሮው ሊቃጠል ሲል ኃላፊው ዊሊያም ቶርንተን ከፊት ቆሞ፣ እዚህ ያለው የሰው ልጅ ሁሉ ሀብት ነው ብሎ ተከራክሮ አዳነው።

ስለ ሥዕሉ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ዶሊ ማዲሰን የጆርጅ ዋሽንግተንን ትልቅ ሥዕል በእጇ ተሸክማ ሮጠች የሚለውን ልጅዎ ሳይሰማ አይቀርም። ሥዕሉ የሰው ቁመት የሚያህል ነው፣ ግድግዳው ላይም ተቸንክሯል። እሷ ሳይወጣ አልሄድም ብላ አዘዘች፣ ይህ እውነት ነው፣ የሚደነቅም ነው። ክፈፉን ሰብረው ያወረዱት ግን የቤቱ ሠራተኞች ናቸው። ያኔ 15 ዓመቱ የነበረውና በማዲሰን ቤት በባርነት ያገለግል የነበረው ፖል ጄኒንግስ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ነፃ ወጥቶ፣ ያየውን ጽፏል። የበር ኃላፊውና አትክልተኛው ናቸው ያወረዱት ይላል። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ጸሐፊ የነበረው ስቲቨን ፕሌዘንተን የነፃነት አዋጁን ዋናውን ቅጂ በጨርቅ ከረጢት ከትቶ በጋሪ ወደ ሊስበርግ ባያሸሸው ኖሮ ያ ወረቀት ዛሬ አይኖርም ነበር። ስሙን የሚያውቀው ግን ጥቂት ሰው ነው።

አውሎ ነፋሱ እውነት ነው። ኦገስት 25 ከሰዓት በኋላ ከባድ ነፋስና ዝናብ ወርዶ ጣራ ገነጠለ፣ መድፍ ገለበጠ፣ እንግሊዞችም ጉዳት ደርሶባቸዋል። ግን ሕንፃዎቹ ከሌሊቱ ጀምሮ ሲነዱ ነው ያደሩት፣ ዝናቡ ሲመጣ ውስጣቸው አልቋል። እንግሊዞችም ቢሆኑ ከተማዋን ለመያዝ አልመጡም። ከመርከባቸው ርቀው፣ በጠላት አገር መሐል፣ ቁጥራቸው ትንሽ ሆኖ ሊቆዩ አይችሉም ነበር። በዚያው ቀን ግሪንሊፍ ፖይንት ላይ ባሩድ ፈንድቶ ብዙ ወታደሮቻቸውን ፈጅቷል። ማታውን በዝምታ ወጡ። ጓደኛዎ እግዚአብሔር ነው ያዳነን ካለች በእምነቷ አልገባም፤ በታሪኩ ግን ሊሄዱ የነበሩ ናቸው የሄዱት።

ቀለሙ ደግሞ እንዲህ ነው። ቤቱ ድንጋዩን ከውርጭ ለመጠበቅ ገና በ1798 ኖራ ተቀብቷል። «ኋይት ሃውስ» የሚለውን ስም ሰዎች ከቃጠሎው በፊትም ይሉት ነበር። ከእሳቱ በኋላ በድጋሚ ነጭ ተቀባ እንጂ ስሙ ከጥላሸት አልመጣም።

አሌክሳንድሪያ ነዋሪ ስለሆኑ የከተማዎንም ታሪክ ማወቅ አለብዎት። ያኔ አሌክሳንድሪያ የዲስትሪክት ኦፍ ኮሎምቢያ አካል ነበረች። ዋሽንግተን ከተቃጠለች ከጥቂት ቀን በኋላ ሌላ የእንግሊዝ ቡድን በፖቶማክ ወንዝ መጣ። ወንዙን የሚጠብቀው የፎርት ዋሽንግተን አዛዥ ምሽጉን ራሱ አፈንድቶ ሸሸ። የአሌክሳንድሪያ ሚሊሺያ ዋሽንግተንን ለመከላከል ተወስዷል፣ ከተማዋ ባዶ ናት። ሹማምንቷ እጅ ሰጡ። እንግሊዞች መርከቦችን፣ ዱቄትና ትምባሆ ጭነው ሄዱ፣ ከተማዋ ግን አልተቃጠለችም። በወቅቱ አሌክሳንድሪያን ፈሪ ብለው በጋዜጣ አብጠለጠሏት። እኔ አልፈርድባቸውም። መከላከያህን ወስዶ የተወህ መንግሥት ተዋግተህ አልሞትክም ብሎ ሊወቅስህ አይችልም።

አንድ ነገር ደግሞ ከልጅዎ ጋር ሳያነሡ እንዳያልፉ። በኤፕሪል 1814 ኮክራን ወደ እኛ የመጣ ሁሉ ነፃ ነው የሚል ይዘት ያለው አዋጅ አወጣ። በቼሳፒክ አካባቢ በባርነት ከተያዙት 4,000 ያህል ሰዎች ወደ እንግሊዝ መርከቦች አመለጡ። አንዳንዶቹ የእንግሊዝ ዩኒፎርም ለብሰው ብላደንስበርግ ላይ ተዋግተዋል። ኋላ ኖቫ ስኮሺያና ትሪኒዳድ ሰፈሩ። ብዙ የሜሪላንድና የቨርጂንያ ሚሊሺያ ከቤቱ ለመራቅ ያመነታው ባሪያዎቹ ያምፃሉ ብሎ ስለሰጋ ጭምር ነው። እንግሊዝ ይህን ያደረገችው ለጽድቅ አልነበረም፣ በካሪቢያን የራሷ ባሪያዎች ነበሯት። ላመለጠው ሰው ግን ነፃነቱ ነፃነት ነው። በአንድ በኩል ቦል፣ በሌላ በኩል እነዚህ፤ አሜሪካ ውስጥ የሚያድግ ጥቁር ልጅ ይህን ታሪክ ባንዲራ ብቻ አይቶ መማር የለበትም።

ከዚያስ? ማዲሰን ኦገስት 27 ተመለሰ። አርምስትሮንግ ሥልጣኑን ለቀቀ፣ ሞንሮ በቦታው ተተካ። እንግሊዞች ሴፕቴምበር ላይ ባልቲሞርን ሞከሩ። ባልቲሞር ግን በሳሙኤል ስሚዝ ሥር ተዘጋጅታ ነበር፣ ነዋሪው ሁሉ ምሽግ ቆፍሯል። ሮስ እዚያ ተገደለ፣ የባልቲሞርን ወደብ የሚጠብቀው ምሽግ ፎርት ማክሄንሪ ወደ 25 ሰዓት የፈጀ ድብደባ ችሎ ቆመ። ያው አገር፣ ያው ሚሊሺያ፣ የሦስት ሳምንት ልዩነት። ሚሊሺያው ፈሪ ነው ለሚል መልሱ ይኸው። ኮንግረስ ደግሞ ዋና ከተማውን ወደ ሌላ ቦታ እናዛውር ብሎ ተከራከረ። በኦክቶበር በ83 ለ74 ድምፅ ውድቅ ሆነ፤ አምስት ሰው ሐሳቡን ቢቀይር ዋሽንግተን ዛሬ የምናውቃት ዋሽንግተን አትሆንም ነበር። ጄፈርሰን የራሱን 6,487 መጻሕፍት በ23,950 ዶላር ሸጠላቸው፣ የዛሬው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በዚያ ላይ ተሠራ። የሰላሙ ውል በዲሴምበር 24 ቀን 1814 ጌንት ላይ ተፈረመ። ድንበሩ ከጦርነቱ በፊት ወደነበረበት ተመለሰ፣ ማንም መሬት አላገኘም።

ኮበርን ከካፒቶል አንድ የሒሳብ መጽሐፍ ለማስታወሻ ወስዶ ነበር። በ1940 ወደ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተመለሰ። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር በ1868 ከመቅደላ ተጭነው የሄዱት ብራናዎች ትዝ ይሉኛል፤ ብዙዎቹ እስካሁን ለንደን ናቸው። ጎን ለጎን አድርገው ለልጅዎ ቢነግሩት ደስ ይለኛል።

ቅዳሜን በተመለከተ ምክሬ አንድ ነው፦ ከኋይት ሃውስ አይጀምሩ። ሁሉም ሰው የሚሠራው ስህተት ይህ ነው፣ ልጁም ያየው አጥር ብቻ ሆኖ ይመለሳል። ብላደንስበርግ ሂዱ። ወንዙ ዳር ፓርክ አለ፣ በአቅራቢያውም በ2014 የተመረቀ ሐውልት፤ ባርኒ ቆስሎ፣ አንድ የባሕር ኃይል ወታደርና ቻርልስ ቦል ደግፈውት ይታያሉ። ወንዙ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ልጁ በዓይኑ ይየው። ከዚያ በብላደንስበርግ ሮድ ወደ ከተማ ይንዱ፤ እንግሊዞች የገቡት በዚያው አቅጣጫ ነው። ካፒቶልን ከመሄድዎ በፊት ኦንላይን ይመዝገቡ፣ ጉብኝቱ ነፃ ነው፣ ቅዳሜም ክፍት ነው። አስጎብኚውን በቆሎ የተቀረጸባቸው ዓምዶች የት ናቸው ብለው ይጠይቁት፤ ከእሳቱ ከተረፉት ውስጥ ናቸው። በሁሉም ጉብኝት ላይ አይካተቱምና ካልታዩ አይዘኑ። ቀጥሎ ማዲሰን ከቃጠሎው በኋላ የኖረበትና የሰላሙን ውል ያጸደቀበት ኦክታገን ሃውስ አለ፣ ከኋይት ሃውስ በእግር ቅርብ ነው፣ ግን በየቀኑ ስለማይከፈት ቀድመው ያጣሩ። ፎርት ማክሄንሪን በዚያው ቀን ለመጨመር አይሞክሩ፣ ራሱን የቻለ ቀን ይፈልጋል። ኋይት ሃውስ ውስጥ ገብቶ ሥዕሉን ማየት ከፈለገ ግን ጥያቄው በኮንግረስ ተወካይዎ ቢሮ በኩል ከሳምንታት በፊት መቅረብ አለበት፤ ስለዚህ ዛሬውኑ ደውሉ።